የሌላ አገር ምግብ በቤት ስለ ማብሰል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሌላ አገር ምግብ ለመሥራት አስበው ገና የቅመሙን ዝርዝር ሲያዩ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ይሞክሩና አንድ ጊዜ ሲበላሽባቸው «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» ብለው ይተዉታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ ስማቸው በዓለም የገነነው ምግቦች አብዛኞቹ የተወለዱት በተራ ቤት ድስት ውስጥ፣ በዕለቱ በእጅ ከተገኘው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያሰናክለው የሙያ ማነስ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ የተሳሳተ ምክር ነውና፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላይ አንሥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የውጭ አገር ምግብ ረጅም የቅመም ዝርዝር ይጠይቃል»

የስፔኑ ቶርቲያ ድንች፣ እንቁላል፣ የወይራ ዘይትና ጨው ነው፤ ቀይ ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት የሚለው ጉዳይ ስፔናውያንን ራሳቸውን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጣልያኑ አሊዮ ኤ ኦሊዮ ደግሞ ፓስታ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ጥቂት በርበሬ ነው። እንዲህ ላሉ ምግቦች ጣዕም የሚሰጣቸው የዕቃው ብዛት ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው።

የህንዱን ዳል እንውሰድ። ምስሩ ከእርድና ከጨው ጋር እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል፤ እስከዚህ ድረስ ጣዕሙ ደብዛዛ ነው። ከዚያም በትንሽ መጥበሻ ሁለት ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ይግልና አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ይጨመርበታል። ፍሬዎቹ አረፋ እያወጡ መንጣጣት ሲጀምሩና ቀለማቸው ጥቂት ሲጠቁር የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል፤ የነጭ ሽንኩርቱ ዳር ወርቃማ ሲሆን ሁሉም ከነዘይቱ ምስሩ ላይ ይገለበጣል። ድስቱ ቸስ ሲል ቤቱ በመዓዛ ይሞላል። የቅመም መዓዛ በአብዛኛው የሚሟሟው በውኃ ሳይሆን በስብ ውስጥ ስለሆነ፣ ያንኑ ከሙን ከምስሩ ጋር አብሮ መቀቀል ይህን ውጤት አይሰጥም። ከሙኑ ካረረ ግን ምስሩን ሁሉ ያመርረዋልና ዘይቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

«ካሪ የአንድ ቅመም ስም ነው»

አይደለም። ታሽጎ የሚሸጠው ቢጫ ዱቄት እርድን፣ ድምብላልን፣ ከሙንንና ሌሎችንም የያዘ ድብልቅ ሲሆን፣ በዚህ መልኩ ተዘጋጅቶ የተስፋፋው ብሪታንያ ህንድን በምትገዛበት ዘመን ነው። በህንድ ቤቶች ግን እያንዳንዱ ወጥ የራሱ የቅመም ምጣኔ አለው። የካሪ ቅጠል የሚባለውም ቢሆን በደቡብ ህንድ ምግብ ውስጥ የሚገባ የዛፍ ቅጠል ነው፤ በዱቄቱ ሊተካ አይችልም።

«ፓስታ እንዳይጣበቅ ውኃው ውስጥ ዘይት ይጨመራል፤ ሲወጣም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል»

ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል እንጂ በውስጥ ያለውን ፓስታ አይደርስበትም። የሚነካው ፓስታው ሲጠነፈፍ ነው፤ ያን ጊዜም ሱጎው እንዳይዘው ያንሸራትተዋል። ፓስታ በዋናነት የሚጣበቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች፣ ከላዩ የሚወጣው ስታርች የተባለ የዱቄቱ ክፍል ሙጫ በሚሆንበት ጊዜ ስለሆነ፣ መፍትሔው በእነዚያ ደቂቃዎች ማማሰልና በቂ ውኃ መጠቀም ነው። ማጠብ የሚጠቅመው ፓስታው ቀዝቅዞ ለሰላጣ ሲቀርብ ነው፤ ለትኩስ ምግብ ሱጎውን ከፓስታው ጋር የሚያያይዘውን ያንኑ ስታርች አጥቦ ይጥለዋል።

ፓስታው የተቀቀለበት፣ ስታርች የያዘው ውኃ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በሮም ካርቦናራ ላይ ነው። ብዙዎች ካርቦናራ ያለ ክሬም አይሠራም ብለው ያምናሉ፤ በሮም አሠራር ግን ክሬም የለበትም። እዚያ የሚገቡት እንቁላል፣ ፔኮሪኖ የተባለው የበግ ወተት አይብ፣ ቁንዶ በርበሬ እና ከአሳማ ጉንጭ የሚዘጋጅ የደረቀ ሥጋ ብቻ ናቸው። ሰው ወደ ክሬም የሚሄደው እንቁላሉ እንዳይረጋበት ፈርቶ ይመስለኛል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሆኖም እንቁላል የሚረጋው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ አለፍ ሲል ጀምሮ ስለሆነ፣ ችግሩ ያለው በእሳቱ ላይ ነው። መጥበሻው ከእሳት ይወርዳል፤ ፓስታው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይተነፍሳል፤ ከዚያ የተመታው እንቁላልና አይብ ይፈስበትና ሳያቋርጡ እያማሰሉ ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ በማንኪያ በማንኪያ ይጨመርበታል። ስታርቹ እንቁላሉ እንዳይቋጠር ይረዳል፤ መጀመሪያ ቀጭን ይመስል የነበረው ሱጎም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወፍሮ እያንዳንዱን የፓስታ ዘለላ ይለብሳል። እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ የማይበስል በመሆኑ ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች ፓስቸራይዝድ የተደረገ (ጀርሞቹ እንዲሞቱ በልኩ የሞቀ) እንቁላል መጠቀም ያስፈልጋል። አሳማ የማይበላ ሰው ደግሞ ምትክ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ካቾ ኤ ፔፔ የተባለው ሌላው የሮም ፓስታ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው።

«ሥጋን በኃይለኛ እሳት መጥበስ ጭማቂውን ያሽገዋል»

ይህን አሳብ ያስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ ትክክል ግን አልነበረም። ሥጋው ላዩ ከቀላ በኋላም መጥበሻው ላይ መንጫጫቱን አያቆምም፤ ያ ድምፅ ከውስጥ የሚወጣው ውኃ ሲተን የሚሰማ ነው። ቢሆንም ቀድሞ መጥበሱ ከንቱ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እንደገለጸው፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ከስኳር ጋር በሙቀት ሲዋሐዱ ቡናማ ቀለምና አዲስ ጣዕም ይፈጠራል፤ ይህም በፍጥነት የሚሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ውኃ ባለበት ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ ስለማያልፍ፣ የፈረንሳይ የበሬ ሥጋ ወጥም ሆነ የቻይና ጥብስ የሚሠራ ሰው ሥጋውን አስቀድሞ ማድረቅና መጥበሻውን አለማጨናነቅ አለበት።

«የእስያ ምግብ ውስጥ የሚገባው ኤምኤስጂ መርዝ ነው»

በ1908 የቶኪዮው ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ ኮምቡ ከተባለው የባሕር አረም የሚወጣው መረቅ ለምን እንደሚጣፍጥ ሲመረምሩ ምክንያቱ ግሉታሜት የተባለው የአሚኖ አሲድ ዓይነት መሆኑን ደረሱበት፤ ጣዕሙንም ኡማሚ አሉት። ኤምኤስጂ (ሞኖሶዲየም ግሉታሜት) ይኸው ግሉታሜት ከሶዲየም ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ፣ ምግብ ለማጣፈጥ የሚጨመር ዱቄት ጨው ነው። ፍርሃቱ የተነሣው በ1968 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ደብዳቤ ሲሆን፣ ጸሐፊው በቻይና ምግብ ቤቶች ከበሉ በኋላ የተሰማቸውን ሕመም ገልጸው ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን ከመዘርዘር ያለፈ ማስረጃ አላቀረቡም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች በተለመደው መጠን ጉዳት እንደሚያደርስ ሊያረጋግጡ አልቻሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከጨውና ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ደህንነታቸው ከታወቀ ዕቃዎች ይመድበዋል። የበሰለ ቲማቲም፣ ፓርሜዛን አይብና የአኩሪ አተር ሶስ በተፈጥሯቸው ግሉታሜት የሞላባቸው ናቸው፤ ዱቄቱን የማይፈልግ ሰው በእነዚህ ያንኑ ጣዕም ያገኛል። አንድን ሕዝብ ምግቡን በመፍራት ማራቅ ግን ቀላል በደል አይደለም።

«ያደረ ሩዝ እንደገና ከጋለ ችግር የለውም»

ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የቻይና የተጠበሰ ሩዝ ባደረ ሩዝ ይሠራል መባሉ እውነት ነው፤ የቀዘቀዘ ሩዝ ላዩ ስለሚደርቅ ሲጠበስ ዘለላው ይለያያል፣ ትኩሱ ግን ይላቁጣል። ስሕተቱ ያለው «ያደረ» ሲባል ድስቱ ምድጃው ላይ ያደረ በሚመስላቸው ዘንድ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ስፖሮቹ መፍላትን ተቋቁመው ይተርፋሉ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይም ይነቁና ይባዛሉ። ከዚያ የሚያመነጩት አስመላሽ መርዝ ሙቀት የማይበግረው ስለሆነ፣ ሩዙን ዳግመኛ የቱንም ያህል ቢጠብሱት አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈው ሩዝ በሰፊ ትሪ ላይ ተበትኖ ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ይበላ።

«ቦሎቄ በዝግታ ረጅም ሰዓት ከበሰለ ይበቃዋል»

ለሜክሲኮና ቴክሳስ ቅመም ያለው ወጥም ሆነ ራጅማ ለተባለው የህንድ የቦሎቄ ወጥ የሚሆነው ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ጥቂት ፍሬዎች እንኳ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላሉ። በአዝጋሚ የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ሙቀቱ ወደ መፍላት ላይደርስ ስለሚችል መርዙ ላይጠፋ ይችላል። ቦሎቄው ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃም ለ30 ደቂቃ በደንብ ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ በፈለጉት ዝግታ ማብሰል ይቻላል። የታሸገው አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ አያሰጋውም። ጨው ቦሎቄን ያጠነክራል የሚባለውም ስሕተት ነው፤ መብሰሉን የሚያዘገየው እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገር ነው።

«ፋላፍል ከተቀቀለ ሽምብራ ይሠራል»

የተቀቀለው ውኃ ያዘለ ስለሆነ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ጥሬውን አሳድሮ ዘፍዝፎ መፍጨት ነው። ግብፃውያን ደግሞ የራሳቸውን ከባቄላ ይሠሩታል።

«የአገሬውን አሠራር ትንሽ ከቀየርክ ምግቡ ምግብ አይደለም»

በርበሬና ቲማቲም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በፊት ህንድም ታይላንድም በርበሬን፣ ጣልያንም ቲማቲምን አታውቅም ነበር። የምግብ አሠራር ጸሐፊው አንቶኒዮ ላቲኒ በጣልያኗ ኔፕልስ በ1692 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ያሰፈረውን የቲማቲም ሱጎ «በስፔን አሠራር» ብሎ ነው የጠራው። በአንጻሩ የቬኒሱ ተጓዥ ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው የሚባለው ፓስታ፣ እሱ በ1295 ወደ ቬኒስ ከመመለሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሲሲሊ እየተሠራ በመርከብ ይላክ እንደ ነበር የጂኦግራፊ ሊቁ አል ኢድሪሲ በ1154 ጽፏል።

እንግዲህ መተካት ነውር አይደለም፤ የሚተካው ዕቃ በምግቡ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ፓድ ታይ ለተባለው የታይላንድ የሩዝ ፓስታ ጥብስ ኮምጣጣነትን የሚሰጠው ሑመር (ታማሪንድ) ካልተገኘ ሎሚ ከጥቂት ስኳር ጋር ያገለግላል። ሑመሩ ከሶሱ ጋር አብሮ ቢፈላ አይጎዳም፤ የሎሚ መዓዛ ግን በሙቀት ስለሚተን፣ መጥበሻው ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምቆ፣ ቀምሶ፣ ከጎደለም ትንሽ መጨመር ነው።