ማይልስ የሀብታም ነው? ስለ በረራ ነጥብና ስለ ኪራይ መኪና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ብሎክ ብቻ ብትጠይቁ፣ አውሮፕላን የተሳፈረው ሰው ብዛት ይገርማችኋል። አንዷ እናት ልጇን ልታርስ አሜሪካ ሄዳ ስድስት ወር ቆይታ መጥታለች። ሌላዋ ቤይሩት ሠርታ ተመልሳለች። ከላይ ያለው ጎረቤት መርካቶ ሱቅ አለው፤ ዱባይና ጓንዦ ይመላለሳል። ሁሉም ትኬት ቆርጠዋል፣ ሁሉም ከፍለዋል። ማይል (ማይልስ)፣ ማለትም ስትበሩ አየር መንገድ የሚሰጣችሁንና በኋላ በትኬት የሚለወጠውን ነጥብ፣ ያጠራቀመ ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም።

ምክንያቱ ገንዘብ ማጣት አይደለም። ስለ ማይልስ የሚወራው ግማሹ የተዛባ ስለሆነ ነው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ የምሰማቸውን እስቲ ላንሳቸው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

"ማይልስ ለባለሀብትና ለቢዝነስ ክላስ ነው"

አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ አባልነት በነጻ ነው። ድረ ገጹ ላይ ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ሞልቶ መመዝገብ ነው፤ ከዚያ የአባልነት ቁጥር ይሰጣችኋል። ኢኮኖሚ ክላስ የሚቀመጥ ሰውም ማይል ያገኛል።

ነገሩ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራሙን የጀመረው በ1981 ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ደንበኛው ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ ማሰር። ስለዚህ ማይል ማንም በበጎነት የሚሰጣችሁ ነገር አይደለም። ወጪው የምትከፍሉት የትኬት ዋጋ ውስጥ አለ። ባትወስዱት ደግሞ ማንም "እንኩ፣ ረስታችኋል" ብሎ አይጠራችሁም።

"የበረርኩትን ያህል ማይል ይገባልኛል"

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ7,000 ማይል በላይ ነው። ዱባይ ወደ 1,500 ማይል ገደማ ነው። ሰው ይህን ሰምቶ በጣቱ ይደምርና "ደርሶ መልስ 14,000 አለኝ" ይላል። አካውንቱን ሲከፍት ግማሹ የለም።

ማይሉን የሚወስነው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ትኬታችሁ ላይ የተጻፈች አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ የተቆረጠላችሁን የዋጋ ምድብ የምታመለክት። ኢኮኖሚ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ፊደል ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ሙሉ ማይል ያገኛል፣ ሌላው የተወሰነ በመቶ ብቻ። በጣም የረከሰው ምድብ አንዳንዴ ምንም ላያስገኝ ይችላል። ትኬት ቢሮ ስትሄዱ "ዋጋው ስንት ነው?" ካላችሁ በኋላ "ይሄ ስንት በመቶ ማይል አለው?" በሉ። የምትሸጠው ልጅ ልታውቅ ይገባል፤ ካላወቀች ደውላ ትጠይቅ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚነግራችሁ ስሌት ደግሞ የእሱ ፕሮግራም ስሌት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ለምሳሌ ከ2015 ጀምሮ ለአባላቱ የራሱን በረራ ማይል የሚያስበው በተከፈለው ገንዘብ እንጂ በርቀት አይደለም።

"ማይሉ የሚሠራው በራሱ በኢትዮጵያ ብቻ ነው"

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ የገባው በ2011 መጨረሻ ነው። ይህ ማለት በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ፣ በኢጅፕትኤር ወይም በዩናይትድ ስትበሩም የሼባ ማይልስ ቁጥራችሁን መስጠት ትችላላችሁ። ኤምሬትስ ግን የየትኛውም ጥምረት አባል አይደለም። ኳታር ዋንወርልድ በሚባል ሌላ ጥምረት ውስጥ ነው። ሳውዲያም ስካይቲም በሚባለው ውስጥ ነው። የእነሱ በረራ ወደ ሼባ አይገባም። አንዱን በረራ ለሁለት ፕሮግራም ማስመዝገብም አይቻልም።

የዱባይ ነጋዴዎች ችግር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአንዱ፣ በሚቀጥለው በሌላው፣ የረከሰው በተገኘበት ይሄዳሉ። አራት ቦታ ትንሽ ትንሽ ማይል ይኖራቸዋል፣ የትም ግን ትኬት አይሞላም። ይህን ስል "ለማይል ብላችሁ ውድ ትኬት ግዙ" ማለቴ አይደለም። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ርካሹን ግዙ። ልዩነቱ የሻይ ከሆነ ግን አንድ ቦታ መርጋት ይሻላል።

"ቁጥሩን ከተመለስኩ በኋላ አስገባለሁ"

ብዙ ማይል የሚቀልጠው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንዲት የብሎካችን እናት ልጃቸው ከዋሽንግተን ሆኖ ሼባ ማይልስ አስመዘገባቸው። ስማቸውን እሱ በሚጽፈው መንገድ ጻፈ። ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። የእኛን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው አንድ ወጥ መንገድ የለንም። ፀሐይን አንዱ በ"ዋይ" ይጨርሳታል፣ ሌላው በ"አይ"። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። እኚህ እናት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ማይሉ አልገባም። ትኬቱና አካውንቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ልጁ ስልክ ደውሎ "እማዬ፣ ቦርዲንግ ፓሱን ላኪልኝ" አላቸው።

"የቱን ልጄ?"

"ስትገቢ የሰጡሽን ቁራጭ ወረቀት።"

"እሱንማ እዚያው ጣልኩት። ምን ይሠራልኛል ብዬ?"

ደግነቱ የትኬቱን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ ከክትባት ካርዳቸው ጋር አስቀምጠውታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቁጥር 13 አሃዝ አለው፤ በ071 ይጀምራል። የጎደለ ማይል ስትጠይቁ የሚፈለገው ይህ ቁጥር ነው፤ ቦርዲንግ ፓሱም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ጥያቄው ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው፤ ዓመት አስቀምጣችሁ የምትመለሱበት አይደለም።

እንግዲህ ሥራው ቀላል ነው። አካውንቱን ስትከፍቱ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡ። ፊደል በፊደል ቅዱ። ቁጥሩን ትኬት ሲቆረጥ ስጡ፣ ቦሌ ስትደርሱም ቦርዲንግ ፓሱ ላይ መታተሙን እዩ። ማይሉ ገብቶ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ወረቀቱን አትጣሉ። ስልክ ይዞ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል።

"ማይል ካለኝ ትኬቱ በነጻ ነው"

የወንበሩ ዋጋ ይቀርላችኋል። ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያው ግን ይኖራል፤ ረጅም በረራ ላይ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ማይል ሞላ ማለትም ወንበር አለ ማለት አይደለም። አየር መንገዶች ለማይል የሚለቁት የተወሰነ ወንበር ነው። ለገናና ለጥምቀት፣ ወይም ዲያስፖራው ከነልጆቹ በሚመጣበት ክረምት፣ "ሁለት ሳምንት ሲቀረው እቆርጣለሁ" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። ብዙ አየር መንገዶች ወንበር መሸጥ የሚጀምሩት ከበረራው 11 ወር ገደማ አስቀድመው ነው። ቀኑን የምታውቁ ከሆነ ቀድማችሁ ተሰለፉ። በማይል በተቆረጠ ትኬት ላይ ደግሞ ሌላ ማይል አይገኝም።

"ለላሊበላ ማይሌን ልጠቀም"

ከውጭ የመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ይህን ይላል። ቆይ በሉት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የገባ መንገደኛ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ያገኛል። ስለዚህ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን በቅናሹ ከፍሎ፣ ማይሉን ለረጅሙና ለውዱ በረራ ማስቀመጥ ያዋጣል። ተቃራኒውም አለ። በሌላ አየር መንገድ ጥቂት ዶላር ቆጥቦ የመጣ ሰው፣ ቤተሰቡን ይዞ ሰሜን ልዙር ሲል ቅናሹ አይመለከተውም። የቆጠባት እዚያ ታልቃለች።

"ማይል አያልቅም"

የማን ማይል? የዴልታና የዩናይትድ የማብቂያ ቀን የለውም። የሼባ ማይልስ ግን አለው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞችም እንደዚያው ናቸው። በየጊዜው ገብቶ ማየት ነው።

"የወርቅ ካርድ ለላውንጅ ብቻ ነው"

ብዙ ለሚበር አባል የሚሰጠው የወርቅ (ጎልድ) ካርድ ኤርፖርት ውስጥ ያለ ምቹ ማረፊያ ክፍል፣ ላውንጅ፣ ያስገባል። ለእኛ ግን ላውንጁ ትርፍ ነው። ዋናው ሻንጣ ነው! በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ጭኖ የሚሄድ ሕዝብ የስታር አሊያንስ ጎልድን ጥቅም በኪሎ ነው ማሰብ ያለበት። ጎልድ አባል በአባል አየር መንገዶቹ ላይ ተጨማሪ 20 ኪሎ ወይም፣ በሻንጣ ቁጥር በሚቆጠርበት መስመር፣ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ሚዛን ላይ ቆሞ በርበሬ ከማውጣት ያድናል። ደረጃው ላይ ለመድረስ ግን ብዙ መብረር ይጠይቃል። ጓንዦ ለሚመላለሰው ጎረቤት እንጂ በሦስት ዓመት አንዴ ልጇን ለምትጠይቀው እናት አይደለም።

"አሜሪካ ስሄድ መኪናውን ኤርፖርት ተከራይቼ ማይል እሰበስባለሁ"

እዚህ አዲስ አበባ መኪና የምንከራየው አብዛኛውን ጊዜ በሰው በሰው፣ ብዙ ጊዜም ከነሹፌሩ ነው። ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ክርክር ነው። "ነዳጅ በማን ነው? ከከተማ ከወጣ ስንት ይጨምራል?" ከዚያ ተነስቶ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የእነሱ ኪራይ ቀላል ይመስለዋል። ዋጋው ድረ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ አለቀ። አላለቀም።

መጀመሪያ ኤርፖርቱ። ኤርፖርት ውስጥ ያለ የኪራይ ቢሮ ለኤርፖርቱ የሚከፍለውን ክፍያ እናንተ ሂሳብ ላይ ይጭነዋል። ያው ድርጅት ከተማ ውስጥ ባለው ቢሮው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሜትሮው ኤርፖርቱ ድረስ ይደርሳል። ዘመድ ቤት በባቡር ገብቶ፣ አርፎ፣ በማግስቱ ሰፈር ካለ ቢሮ መከራየት ይቻላል።

ሁለተኛ ነጥቡ ራሱ። የኪራይ ድርጅቶቹ ኸርዝ፣ ኤቪስና ናሽናል የየራሳቸው የአባልነት ፕሮግራም አላቸው፤ መመዝገቢያው ነጻ ነው። አባል ብዙ ቦታ ወረፋ ሳይጠብቅ ቁልፍ ይወስዳል። አንዳንዶቹ የአባሉን የትዳር ጓደኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲነዳ ይፈቅዳሉ። ይህ ከነጥቡ ይበልጣል፤ ሁለተኛ ሹፌር በየቀኑ የሚያስከፍል ነገር ነው። ከኪራዩ ላይ የአየር መንገድ ማይል ልሰብስብ ካላችሁ ግን ሁለት ነገር እወቁ። የኪራይ ድርጅቱን ነጥብና የአየር መንገዱን ማይል አንድ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰጧችሁም። ማይሉን ስትመርጡም ብዙዎቹ በቀን ትንሽ ክፍያ ይጨምራሉ። ማይሉን ገዛችሁት ማለት ነው፤ ያውም በእነሱ ዋጋ። መኪና የምትከራዩት በዓመት አንዴ ከሆነ ማይሉንም ነጥቡንም ትታችሁ ዋጋውን ተከራከሩ።

ሌላው የሚያስደነግጠው መያዣው ነው። የኪራዩ ዋጋ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ካርዱ ላይ ይታገዳል። ዴቢት ካርድ ከሆነ ገንዘባችሁ እስኪለቀቅ ድረስ የለም። ሹፌሩ ከ25 ዓመት በታች ከሆነ በየቀኑ ጭማሪ አለ። የክፍያ መንገድ ላይ ከነዳችሁ ደግሞ ድርጅቱ ከመንገዱ ክፍያ ሌላ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ ሂሳቡ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላ ይደርሳችኋል። ቨርጂኒያ ይህ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። ዘመዳችሁ ኢዚ ፓስ የሚባለው የመንገድ ክፍያን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ካለው በመሣሪያው ለመጠቀም መቻላችሁን መኪናውን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተከራያችሁትን ታርጋም አካውንቱ ላይ እንዲያስገባ ንገሩት።

"በክሬዲት ካርድ ነጥብ ዓለምን መዞር ይቻላል"

አሜሪካ ላለ፣ በየወሩ ሙሉ ዕዳውን ለሚከፍል ሰው፣ አዎ ያግዛል። ዕዳ ለሚያሳድር ግን አይሆንም። ወለዱ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ የትኛውም ነጥብ አይሸፍነውም። እኛ ጋ ያለው በአብዛኛው ዴቢት ካርድ ስለሆነ ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ምክር አይሠራልንም። ከአገር ውስጥ ባንኮች ጋር የወጡ የሼባ ማይልስ ካርዶች አሉ፤ ከመውሰዳችሁ በፊት ዓመታዊ ክፍያውንና በስንት ብር ስንት ማይል እንደሚሰጥ ባንኩን ጠይቁ።

"ማይሌን እሸጣለሁ"

ቴሌግራም ላይ "ማይል እንገዛለን" የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ማይል ለሰው መሸጥ የፕሮግራሞቹ ደንብ የሚከለክለው ነገር ነው። ከተደረሰበት አካውንቱ ይዘጋል፣ የተቆረጠውም ትኬት ይሰረዛል። ገዢው ቦሌ ቆሞ ይቀራል፤ ገንዘቡን የሚጠይቀውም እናንተን ነው። ለእናትህ ወይም ለእህትህ በማይልህ ትኬት መቁረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ይፈቅዱታል። አንዳንዶቹ የተጓዡን ስም አስቀድማችሁ እንድታስመዘግቡ ይጠይቃሉ፤ ስትጽፉም ከፓስፖርቱ ቅዱ።