የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚ ጂኦፊዚሲስት ሥራው ምንድን ነው?

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ በስተሰሜን የተነሳው፣ መጠኑ 6.0 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ ሌሊት ከፎቅ ወርዶ ደጅ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ቀጣዩ መቼ ነው?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው የለም። ቀንና ሰዓት እነግራችኋለሁ የሚል ቢመጣ አትስሙት። ጂኦፊዚሲስቱ የያዘው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መንቀጥቀጡ ሲመጣ እኛ የቆምንበት መሬት ምን ያህል ይናወጣል?

ጂኦፊዚክስ የምድርን ሆድ በፊዚክስ የመመርመር ሙያ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁለት ማዕበል እኩል ይነሳል፤ አንዱ ግን ፈጣን ነው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የመስኮቱን መንቀጫቀጭ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ ይወዛወዛል። በሁለቱ መካከል 12 ሴኮንድ ካለፈ፣ በ8 አባዙት፤ መነሻው ወደ 96 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ የተተከለባቸው የሦስት ጣቢያዎች ርቀት ሲገጣጠም ቦታው ይታወቃል። በአገራችን ይህ ሥራ የተጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ነው።

መሣሪያው ግን የሚያውቀው ከተተከለ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ደብዳቤ ጭምር ያገላብጣል። በ1898 ዓ.ም. በሐይቆቹ አካባቢ ተነስቶ አዲስ አበባን ያናወጠውን፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውን የካራቆሬን መንቀጥቀጥ ይመዘግባል። ስንጥቆችንም በእግሩ እየሄደ ይለካል። የስምጥ ሸለቆው ወለል የተሰነጠቀበት ቀበቶ በዓለም የሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው በአዳማ ጎረቤት በወንጂ ስም ነው። ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የአንዲት የስንዴ ቅንጣት ርዝመት ያህል መሆኑ ነው።

ከዚያ የአፈሩ ጉዳይ ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለው ይህን ነው። አንድ መንቀጥቀጥ በአለት ላይ ያለውን ቤት ነካ አድርጎ ሲያልፍ፣ በደለልና በልል አመድ ላይ ያለውን ክፉኛ ሊንጠው ይችላል። አዳማ የተቀመጠችው በሸለቆው ወለል ላይ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ብሎኬት አምራቾች ፑሚስ የሚሉት ቀላል ድንጋይ በሞላበት ምድር ነው። ባለሙያው ሜዳ ላይ በመስመር የመሬት ጆሮዎችን፣ ማለትም ንዝረት የሚይዙ ትንንሽ መሣሪያዎችን ይተክላል፤ ረዳቱ መሬት ላይ ያረፈ ብረት በከባድ መዶሻ ይመታል። ንዝረቱ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው የሚደርስበት ፍጥነት የላይኛው 30 ሜትር አፈር ጠንካራ ወይም ልል መሆኑን ይናገራል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የትኛው ቦታ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አነጋገር አለ፦ «የ475 ዓመት መንቀጥቀጥ»። በ475 ዓመት አንዴ ቀጠሮ አክብሮ ይመጣል ማለት አይደለም። ያን ያህል ወይም የባሰ ንውጥውጥታ በሚቀጥሉት 50 ዓመታት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ 10 በመቶ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንባችን ግን ስሌቱን የሠራው በ100 ዓመት ነበር፤ በ50 ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ገደማ ዕድል ላለው መንቀጥቀጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ደንብ ወደ 475 ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎቆች ግን ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ወደ ሙያው መግባት የሚፈልግ ተማሪ ፊዚክስ፣ ሒሳብና ሥነ ምድር ይያዝ፤ ኮምፒውተርም አይቀርለትም። ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው በቁጥር ፊት ነው። ቁጥሩን ከእጁ የሚቀበለው መሐንዲሱ ነው፤ ከመሐንዲሱም ወደ ግንባታው ቦታ ይወርዳል፦ የኮለኑ ፌሮ ስንት ይሁን፣ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ላይ ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት) ምን ያህል ተቀራርቦ ይታሰር።