ኢ-ፆታዊ መራቦ ምንድን ነው? እንሰት ያሳየናል

እንሰትን ከዘር የሚያበቅል ገበሬ ብዙም አያጋጥምም። ተክሉ በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ይሞታል። ለቆጮና ለቡላ የሚፋቀውም ፍሬው ሳይደርስ ነው። ታዲያ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በወላይታ ጓሮ የሞላው እንሰት ከየት መጣ?

ከአሚቾው፣ መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም የግንዱ ክፍል። ገበሬው ጥቂት ዓመት ያስቆጠረ፣ ገና ያልጎለመሰ ተክል ይመርጥና ይነቅለዋል። ግንዱን ከአሚቾው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። ከዚያ መሃል ላይ ያለችውን የማደጊያ እምቡጥ በቢላዋ ፈልፍሎ ያወጣታል። ዋናው ሥራ እሱ ነው። ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ አሚቾውን መልሶ ይቀብረዋል። ወራት ቆይቶ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል፤ ከአንድ አሚቾ ከ40 በላይ፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ።

እምቡጧ ለምን ትወጣለች? በሕይወት እያለች ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ስለምታመነጭ ነው። በጎን ያሉት እምቡጦች በእሱ ምክንያት ተኝተው ይቆያሉ። እሷ ስትነሳ እነሱ ይነቃሉ። ገበሬው ሆርሞን የሚባል ነገር ሳይሰማ ይህን ማወቁ ሁሌም ይደንቀኛል።

ኢ-ፆታዊ መራቦ ማለት ይኸው ነው፤ የወንዴና የሴቴ ዘር ሳይገናኝ ከአንድ ተክል አካል ሌላ ተክል ሲወጣ። ድንች ከዓይኑ፣ ሸንኮራ አገዳ ከአንጓው፣ ስኳር ድንች ከሐረጉ እንዲሁ ይበቅላሉ። የእንሰት ዘመድ የሆነው ሙዝ ማንም ሳይነካው ከጎኑ ልጅ ያወጣል። ጣናን ያስቸገረው እንቦጭም በዘሩ ብቻ አይደለም የሚስፋፋው፤ ውሃው ላይ ከእናቱ ጎን ልጅ ይዘረጋል፣ ልጁም ሌላ ልጅ።

እንዲህ የተገኘ ችግኝ የእናቱ ግልባጭ ነው። ቆጮዋ የጣፈጠ እንሰት ልጆቿም ያው ናቸው፤ ገበሬው የወደደውን ሳይለወጥ ያቆያል። ችግሩ በሽታ ሲመጣ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ አንዷን ከጣለ ግልባጮቿንም ይጥላል። ለዚህ ነው በአንድ ጓሮ የተለያየ ስም ያላቸው ብዙ የእንሰት ዓይነቶች ጎን ለጎን ሲተከሉ ሳይ ደስ የሚለኝ። ወላይታ ውስጥ ማዚያ የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ በተሻለ አጠውልግን ይቋቋማል። ግን እሱም ቢሆን ቢላዋው ካልጸዳ አይድንም፤ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን መንካት የለበትም።