ያቀረቡላችሁን ብሉ

ቆጮን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነው። ቅጠሉን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ጓሯችን ውስጥ ኮባ ነበረን። እናቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትደፋ ሊጡን የምትሸፍነው በእሱ ነው። ዳቦው ሲወጣ ቅጠሉ ይጣላል። ሌላው አገር ከዚያው ከእንሰት ቤተሰብ እንደሚያድር ለእኛ ወሬ ነበር። ወሬም ብቻ አይደለም፣ መሳቂያ ነበር። ስለ ቆጮ በሊታ ሲቀለድ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ይቀፈኛል።

ወደ ጉራጌ የሄድነው ለአገልግሎት ነው፤ ሦስት ሆነን። ያረፍነው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ነበር። ማታ ቆጮ ቀረበ። ስስ ነው፣ ነጣ ያለ፣ ምጣድ ላይ በቅጠሉ እንደተጋገረ። ከጎኑ ጎመንና አይብ አለ። ከምግቡ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ነገሩ አይፈረድበትም፤ ተፍቆ፣ በቅጠል ተሸፋፍኖ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት የቦካ ነገር ነው። የእኛስ የጤፍ ሊጥ ይቦካ የለ? የራሳችን ስለሆነ ነው የማይሸተን።

ቆረስኩ። ቁራሹን ይዤ ቀረሁ። እናታችን ፊቴን አዩት።

«ልጄ፣ የኛ ምግብ ይከብድሃል መሰለኝ። እንጀራ ላስገዛልህ?»

ልጅ ሊልኩ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ውስጥ የነበረችው ብር ተጣጥፋ ተጣጥፋ ጣት አታክልም። ያኔ ነው ምድር ብትውጠኝ የተመኘሁት። ጎረስኩ። ኮምጠጥ ይላል፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ይጎተታል። ከአይቡ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወዲያው ወደድኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሦስተኛው ቀን ግን ጨምሩልኝ ብያለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን አወጣሁ። የጴጥሮስን ራእይ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከሰማይ የወረደ ጨርቅ፣ በውስጡ በአይሁድ ሕግ የማይበሉም ያሉባቸው እንስሳት፣ «ተነሣና አርደህ ብላ» የሚል ድምፅ። ጴጥሮስ «ጌታ ሆይ፥ አይሆንም» ይላል። «ጌታ ሆይ» እና «አይሆንም» አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ! እኔ ቁራሹን ይዤ በልቤ ያልኩት እሱን ነው።

እስከዚያ ሌሊት ያላስተዋልኩት ግን ጴጥሮስ ራእዩን ሲያይ ያረፈበትን ቤት ነው። የስምዖን ቤት፣ የቁርበት ፋቂው። ቁርበት የሚፋቅበት ቤት ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቃል። በዚያ ላይ በአይሁድ ዘንድ የሞተ እንስሳ መንካት ያረክሳል። በእኛም አገር «ፋቂ» ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጴጥሮስ እዚያ ቤት ብዙ ቀን ተቀምጧል። ራእዩ የመጣውም በዚያ ቤት ምግብ እየተሰናዳ ሳለ፣ እሱም ርቦት ሳለ ነው። ጌታ ትምህርቱን ቀስ በቀስ ነበር የጀመረለት። መጀመሪያ የፋቂው ቤት፣ ቀጥሎ ጨርቁ፣ ከዚያ አይሁዳዊ ያልሆነው የሮም መቶ አለቃ የቆርኔሌዎስ ደጅ። ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ ስለ ንጹሕና ርኵስ ምግብ አንድ ቃል አልተናገረም። «እግዚአብሔር ማንንም ሰው ርኵስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳልል አሳየኝ» ነው ያለው።

ምዕራፍ 11 ደግሞ አለ። ኢየሩሳሌም ሲመለስ ወንድሞች የያዙት ለምን ሰበክህላቸው ብለው አይደለም። ለምን አጠመቅሃቸው ብለውም አይደለም። ክሳቸው «ከእነርሱ ጋር በላህ» የሚል ነው። ለሰው ስብከት መስጠት ቀላል ነው፤ ከላይ ሆኖም ይሰጣል። መሶቡ ጋ ግን እኩል ነው የሚቀመጡት።

ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ ያዘዘውን ተራም ልብ በሉ፤ ሉቃስ 10፥8-9። ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ድውዮችን ፈውሱ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት ወደ እናንተ ቀረበች በሉአቸው። መብላቱ ይቀድማል። ኮረጆም ከረጢትም አትያዙ ያላቸው ለዚህም ይመስለኛል፤ የራሱን ስንቅ የቋጠረ ሰው የማንንም እጅ አያይም። እኔ በቦርሳዬ ብስኩት ይዤ ነበር የሄድኩት። ለክፉ ቀን።

ስንመለስ እናታችን ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀጥታ እናቴ ጋ ወሰድኩት። ተቀበለችና አሸተተችው።

«ኮባ ነው እኮ! ድፎ ነው?»

«ፍቺው እማዬ።»

ፈታችው። ዝም ብላ አየችው። ከዳር ትንሽ ቆረሰችና አላመጠች።

«ጨው የለውም» አለች። ደግማ ቆረሰች።