ከድጡ ወደ ማጡ እንጂ ከማጡ ወደ ድጡ አይባልም

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንድ ወጣት በስልክ ያወራል። «ሞተሩን አሠርቼው ጭራሽ ከማጡ ወደ ድጡ ገባ!» አለ። አላስቻለኝም። እንደ አባባሉ ከሄድን ሞተሩ ተሽሎታል ማለት ነው።

ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ያደገ ሰው ድጥና ማጥን አያምታታም። የወረዳው ከተማ የእነዋሪ ሜዳ መረሬ፣ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና አላሰርግም ይላል። ለዚህ ነው ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈር በእጁ እየዛቀ፣ ማሳውን መደብ መደብ አድርጎ በመሃል ቦይ የሚያወጣለት። ከማሳ የወጣው ውሃ ወርዶ የሚተኛው ረባዳው ላይ ነው። ማጥ እዚያ አለ።

ድጥ ከላይ፣ መንገዱ ላይ ነው። ሥሩ ጠንካራ መሬት ነው። ያዳልጥሃል፣ ትወድቃለህ፣ ትነሣለህ። ደግሞ ስለሚያብለጨልጭ ከሩቅ ይታያል። ማጥ ግን ሣር ለብሶ ይጠብቅሃል።

ልጅ ሆኜ ስንዴ የጫነች አህያ ወደ ወፍጮ ቤት ስነዳ ድጡ ላይ ሁለቴ ተንበረከከችብኝ። አሳዘነችኝና በሣሩ በኩል መለስኳት። አምስት እርምጃ ሳትሄድ እስከ ሆዷ ሰመጠች። አንደኛው ኮንጎ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ጎረቤቶች ደርሰው ጭነቱን ፈቱ። አንዱ ጆሮዋን፣ ሌላው ጭራዋን ይዘው ሲያወጧት አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ድጡ ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ማጥ ሲባል ምጥ ትዝ ይለኛል። ያቺ አህያ ስታቃስት የሰማ ሰው በዚህ አይገረምም። አባባሉን ያወጣው ከብቱን ከጭቃ ሲጎትት ያመሸ ገበሬ መሆን አለበት።

«ከ» የሸሸኸው ነው። «ወደ» ይሻለኛል ብለህ በገዛ እግርህ የሄድክበት። ስለዚህ ዋጋ በጨመረ፣ ዝናብ በከፋ ቁጥር «ከድጡ ወደ ማጡ» ማለት ቃሉን ማባከን ነው። ዕዳውን ሊከፍል ብሎ ከአራጣ አበዳሪ የተበደረ ሰው፣ እሱ ገብቷል። «ከድጡ ወደ ማጡ ውስጥ ነን» የሚሉም አሉ። ኧረ ተዉ! አባባሉ የጉዞ ነው፤ «ገባን» በሉ።

ያ ወጣትም ነገሩን አግኝቶታል፤ ይሻለዋል ብሎ አሠርቶ ነው የባሰበት። የሳተው መንገዱን ብቻ ነው።