ላይንሜት ምንድን ነው? ጎሉ እየመጣ ለሚጠፋበት አጥቂ ማን ይጣመርለት?

ሰሞኑን አንድ የበረዶ ሆኪ ተንታኝ ሲናገር ሰማሁት። «ይሄ ልጅ አምስት ጨዋታ ጎል የለውም። ከጎኑ ያሉት አልሆኑለትም። ኬሚስትሪ የለም፣ ላይኑ ይበተን» አለ። ይሄን አባባል ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኔ የጨዋታ ቪዲዮ እየቆራረጥኩ ለአሰልጣኞች የማቀርብ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላይን ማለት አብረው ወደ በረዶው የሚገቡ 3 አጥቂዎች ናቸው፤ መሀል ላይ የሚጫወት አንድ ሴንተርና በግራና በቀኝ የሚሮጡ ሁለት ዊንገር። ወደ 45 ሰከንድ ተጫውተው ለሌሎች ሦስት ይለቃሉ። ላይንሜት የእነዚያ 45 ሰከንዶች ባልደረባ ነው። እዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም። ጭቅጭቁ የሚነሳው «ትክክለኛው ላይንሜት» ሲባል ነው።

ብዙ ሰው ትክክለኛው ማለት ምርጥ አቀባይ ይመስለዋል። ወዲያው የሚጠራውም የብሬት ሀልና የአዳም ኦትስን ስም ነው። በፈረንጆቹ 1990–91 የውድድር ዘመን ሀል ለሴንት ሉዊስ ብሉዝ ቡድን 86 ጎል አገባ፤ ኦትስ ደግሞ 90 አሲስት ነበረው። ድንቅ ጥምረት ነበር። ግን ኦትስ በ1992 ወደ ቦስተን ከሄደ በኋላ ባሉት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመናት ሀል 54 እና 57 ጎል አግብቷል። ይሄኛውን ቁጥር የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ነገሩን የማየው እንደ ጥማድ በሬ ነው። ገበሬ በሬ ሲያጣምር ጉልበት ብቻ አያይም። እርምጃቸው የሚገጥመውን ነው የሚፈልገው። አንዱ ከፈጠነ ቀንበሩ ይዛባል፣ ትልሙም ይጣመማል። ወይፈኑንም ትልም ከሚያውቅ በሬ ጋር ነው የሚያለማምደው። ታዲያ በሬው በምን ይመዘናል? ባረሰው መሬት ነዋ! ጥማድ የሚለው ቃል የመሬት መለኪያ የሆነውም ከዚህ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ያህል ማለት ነው። ምርቱ ግን የዝናብም ጉዳይ ነው። ዝናብ ስለቀረ ቀንበር የሚቀይር ገበሬ የለም።

በሆኪ እርሻው ኢላማውን የጠበቀ ሙከራ ነው። ምርቱ ጎል ነው። ዝናቡ ደግሞ ፓኳ (የሚመታው ትንሽ ጠፍጣፋ ዲስክ) የግቡን ብረት ነክታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሄዷ ነው። ተንታኛችን ምርቱን ብቻ አይቶ በሬዎቹን ሊፈታቸው ነው የተነሳው።

እስኪ እናስላው። አንድ አጥቂ በየጨዋታው 3 ጊዜ ይሞክራል፣ ከ100 ሙከራው 15ቱ ጎል ይሆናል እንበል። ይሄ በጣም ጥሩ ጎል አግቢ ነው። ይሄ ሰው አንድም ነገር ሳይበላሽበት አምስት ተከታታይ ጨዋታ ያለጎል የመውጣት ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የሰሜን አሜሪካው ሊግ (ኤንኤችኤል) የውድድር ዘመን ከ80 በላይ ጨዋታ አለው። እንዲህ ያለ ድርቅ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢመታው የሚጠበቅ ነው። አሥር ተከታታይ ጨዋታ ያለጎል የመውጣት ዕድሉ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ያኔ ቪዲዮውን ደህና አድርጎ ማየት ነው።

ፓትሪክ ላይኔ የሚባለውን አጥቂ ልውሰድ። ፊንላንዳዊ ነው፣ ዊኒፔግ ጄትስ የሚባለው ቡድን በ2016 ድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) በ2ኛነት መረጠው። በ2018–19 ያገባው 30 ጎል ነው፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱ በአንድ ወር፣ በኖቬምበር የገቡ ናቸው። ወሩን የጀመረው በአገሩ ሄልሲንኪ ሦስት ጎል አግብቶ ነው። በ24ኛው ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ 5 ጊዜ ሞከረ፣ 5ቱም ገቡ። በቀሩት ወራት ሁሉ ያገባው 12 ብቻ ነው። «ወረተኛ» ያሉት ነበሩ። ይሄ ቃል ያናድደኛል። ወረተኛ ማለት ልቡ የማይረጋ ሰው ነው። ሁልጊዜ ከ5 ሙከራ 5 ጎል የሚያገባ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ የዚያን ዕለት ዝናቡ ዘነበ እንጂ።

ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመንም ፓትሪክ 15 ተከታታይ ጨዋታ ጎል ወይም አሲስት ነበረው። በዚያው ሰሞን፣ በፌብሩዋሪ 2018 መጨረሻ፣ ሴንተሩ ፖል ስታስትኒ ከሴንት ሉዊስ መጣ። ወዲያው «ስታስትኒ አበራው» ተባለ። የ15 ጨዋታው ሩጫ ግን ስታስትኒ ከመድረሱ በፊት ነው የጀመረው። ስታስትኒ አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። በጣም ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን በሌላ ነገር ነው።

ቪዲዮውን ከምቱ 3 ሰከንድ ወደኋላ መልሱት። ፓኳ ጥግ ላይ ናት። ሴንተሩ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ይዟታል። እየተገፋ ነው፣ ግን አይቸኩልም። ሌላኛው ዊንገር ወደ ግቡ አፍ ሲሮጥ አንድ ተከላካይ አብሮት ይጎተታል። በዚህ መሀል መቺው ቀስ ብሎ ባዶው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ስቲኩም (የሚመታበት ዱላ) ከኋላ ተነስቷል። ፓሱ ፊት ለፊቱ ከደረሰ ሳያቆም ይመታል። በግማሽ ሜትር ወደኋላ ቀርቶ እግሩ ስር ከደረሰ ግን መጀመሪያ ማቆም አለበት፤ እስከዚያ ግብ ጠባቂው ተሻግሮ ደርሷል። ስታስትኒ ፈጣን ተጫዋች አልነበረም። ግን ትልሙን ያውቀዋል። ፓክ ያቆያል፣ በልኩ ያቀብላል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ አጥቂ ሁለት ሰው ነው የምንፈልግለት። አንዱ ፓክ ከጥግ ነጥቆ የሚያቆይ፣ ሌላው ተከላካይ ጎትቶ ቦታ የሚከፍት። ሁለተኛው ሰው ጎል ላያገባ ይችላል፣ በአሲስት ዝርዝርም ላይወጣ ይችላል። ተንታኙ «ይውጣ» የሚለው ሁልጊዜ እሱን ነው። እሱ ሲወጣ ሙከራው ከ3 ወደ 1 ይወርዳል። ድርቁ እውነተኛ ድርቅ የሚሆነው ያኔ ነው።

የቀንበሩ ምሳሌ የማይደርስበትም ቦታ አለ። ቡድን በጎል ሲበልጥ ሙከራው ይቀንሳል፣ ሲበለጥ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሙከራን ውጤቱን ሳያዩ መቁጠር ያሳስታል። ላይኑ በየትኛው የሜዳ ክፍል፣ ከማን ጋር እንደሚጀምርም መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ፓወር ፕሌይ (ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት የሚጫወትበት ጊዜ) ለብቻው መለየት አለበት። ፓትሪክ በ2024–25 ለሞንትሪያል 20 ጎል ሲያገባ 15ቱ በፓወር ፕሌይ ነበሩ። ያኔ አብረውት ያሉት ላይንሜቶቹ ብቻ አይደሉም። እነዚያን ጎሎች ቆጥሮ ላይኑን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ትክክል አይደለም።

እኔ የአንድን ላይን ቪዲዮ ለአሰልጣኝ ሳዘጋጅ መጀመሪያ ጎሎቹን ቆርጬ አወጣቸዋለሁ። ከዚያ የቀረውን እናያለን።