የሕዋስ አጽም ፕሮቲኖች ምንድን ናቸው? በትልቁ አንጀት ካንሰርስ ምን ሚና አላቸው?

የሕዋስ አጽም ፕሮቲኖች የሚባሉት በሕዋስ ውስጥ ተዘርግተው ቅርጹን የሚይዙለት፣ ሲንቀሳቀስና ሲከፈልም የሚያገለግሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው የአክቲን ክሮች፣ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑት መካከለኛ ክሮች፣ ከቱቡሊን የሚሠሩትና 25 ናኖሜትር የሚደርሱት ማይክሮቱቡሎች ናቸው።

ለካንሰር ምርመራ እስካሁን ከሁሉም በላይ የጠቀሙት ከመካከለኛ ክሮች የሚመደቡት ኬራቲኖች ይመስሉኛል። የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ኬራቲን 20ን ያመርታሉ፤ ኬራቲን 7 ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝባቸውም። ሕዋሱ ወደ ካንሰርነት ተለውጦ ሌላ አካል ላይ ካረፈ በኋላም ይህ መለያ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ለምሳሌ መነሻው ያልታወቀ ዕጢ ጉበቱ ላይ ከተገኘበት ሕመምተኛ በመርፌ የተወሰደው ናሙና በሰም ውስጥ ተቀብሮ በስሱ ይቆረጥና እያንዳንዱን ኬራቲን ለይተው በሚይዙ አንቲቦዲዎች ይመረመራል፤ ፕሮቲኑ ያለበት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ቀለም ይዞ ይገኛል። የኬራቲን 20 ስላይድ ቡናማ ሆኖ የኬራቲን 7ቱ ቀለም ሳይዝ ከቀረ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) አስቀድሞ የሚጠረጥረው ትልቁን አንጀት ሲሆን፣ ሌላውን የአንጀት ሕዋሳት መለያ፣ ሲዲኤክስ2 የተባለውን ፕሮቲን ደግሞ ለማረጋገጫ ይጨምራል። ሆኖም በተለይ በቀኝ በኩል ያሉ አንዳንድ የአንጀት ዕጢዎች ኬራቲን 20ን ስለሚያጡ በአንድ ስላይድ ብቻ መፍረድ አይገባም።

በሕክምና ዒላማነት በኩል ነገሩ ይከብዳል። ማይክሮቱቡሎች እንዳይፈርሱ አድርጎ የሕዋስ ክፍፍልን የሚያግደው ፓክሊታክሴል በጡትና በእንቁልጢ ካንሰር ቢሠራም በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ አልሠራም፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የአንጀት ሕዋሳት መድኃኒቱን ወደ ውጭ የሚገፋ ፕሮቲን በብዛት መያዛቸው ነው። ስለዚህ የአንጀት ካንሰር ኬሞቴራፒ ዛሬም በዋናነት የቆመው ዲኤንኤን በሚያጠቁት በፍሎሮዩራሲል፣ በኦክሳሊፕላቲንና በኢሪኖቴካን ላይ ነው። አክቲንን በቀጥታ ማጥቃትም አያዋጣም፤ ልብን ጨምሮ ጡንቻ ሁሉ የሚኮማተረው በአክቲን ነውና።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ጤናማው ሕዋስ የማይፈልገውን፣ ካንሰሩ ግን የሚፈልገውን ረዳት ፕሮቲን ወደ መፈለግ አዘነበሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ፋሲን ነው። ፋሲን የአክቲን ክሮችን አጥብቆ በማሰር ሕዋሱ ወደፊት የሚዘረጋቸውን ጣት መሰል ክፍሎች ያጠነክራል። በጤናማው የአንጀት ሽፋን ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ በካንሰሩ ውስጥ ግን በተለይ ወደ አጎራባች ሥጋ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ይታያል። አመጣጡም የአንጀት ካንሰር ከሚጀምርበት መንገድ ጋር ይያያዛል፦ በአብዛኞቹ የአንጀት ዕጢዎች ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኘው ኤፒሲ የተባለው ጂን በትክክል ሲሠራ ጂኖችን የሚያነቃውን ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ይቆጣጠራል፤ ቁጥጥሩ ሲላላ ቤታ ካቴኒን ከሚያነቃቸው ጂኖች መካከል የፋሲን ጂን ይገኝበታል።

ፋሲንን የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል። የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና ሥራ ዕጢውን መግደል ሳይሆን መሰራጨቱን መግታት በመሆኑ፣ ዕጢው ስንት ሴንቲሜትር ቀነሰ በሚለው በተለመደው መለኪያ ብቻ ቢመዘኑ ጥቅማቸው ሳይታይ ሊቀር ይችላል።